ዲሹን አውርዱ አሉን፣ ፋሲካ ደግሞ ደርሷል!

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ከኤችኦኤው፣ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደብዳቤ መጣ። ያለ ፈቃድ ዲሽ ሰቅላችኋል፣ በ10 ቀን ካላወረዳችሁ በቀን 25 ዶላር ትቀጣላችሁ ይላል። እናቴ እግሯን ስለሚያማት ውጪ አትወጣም፣ የአገር ቤቱን ቅዳሴ የምትከታተለው በዲሹ ነው። እናውርደው ወይ?

ጋሽ ምክር፦ ልጄ፣ ቤቱን ስትገዙ ያን ወፍራም የማኅበሩን ሰነድ አንብባችሁታል? የኛ ሰው ፊርማ ላይ ጎበዝ ነው። እኔ በሬን ቀይ ቀብቼ፣ ደብዳቤ ሲመጣብኝ መልሼ ቡናማ ያደረግሁ ሰው ነኝ። የፈረሙትን ማክበር ነው። አውርዱት።

ኪኪ፦ በዚህ ዘመን ዲሽ? ዩቲዩብ ክፈቺላቸው።

ጠያቂ፦ ስልክ ስትነካ ይጠፋባታል፣ ሪሞቱን ግን ለምዳዋለች። ደግሞ ጥያቄዬ እሱ አይደለም!

ሳቂታው፦ ምጣድ ነው በሏቸው፣ እንጀራ ልንጋግርበት ነው።

ዲሽ ሰቃዩ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዲሽ እንደ በር ቀለም አይደለም። ከ1996 ጀምሮ የኤፍሲሲ፣ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ደንብ አለው፣ ኦታርድ ይሉታል፣ የፌዴራል ነው። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ካልበለጠና የራሳችሁ ወይም እናንተ ብቻ የምትጠቀሙበት ቦታ ላይ ከተሰቀለ ኤችኦኤው መከልከል አይችልም። የደህንነት ወይም የታሪካዊ ቤት ጉዳይ ካልሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ ማለትም አይችልም። ግን እህቴ፣ ዋናውን አልነገርሽንም፣ የት ነው የሰቀላችሁት? የጋራ ጣሪያ ወይም የጋራ ሳር ላይ ከሆነ ደንቡ አያድናችሁም።

ጠያቂ፦ ታውንሃውስ ነው። ከኋላ፣ የራሳችን ዴክ (የእንጨት በረንዳ) መደገፊያ ላይ። አሁን ወጥቼ ለካሁት፣ 36 ኢንች።

ዲሽ ሰቃዩ፦ 91 ሴንቲ ገደማ ነው። አትንኩት። በደንብ መታሰሩን ብቻ እይ።

ኪኪ፦ ሮኩ ግዙላቸው፣ ኢንተርኔቱን ቲቪ ላይ የሚያሳየውን፣ ያው ሪሞት አለው።

የቀድሞ ቦርድ አባል፦ እኔን የገረመኝ 25 ዶላሩ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር በላይ አይፈቅድም፣ ያውም እስከ 90 ቀን ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ ጥፋት ደግሞ ጣሪያው 50 ነው። የማኅበሩ ቦርድ ዝም ብሎ ተነስቶ አይቀጣም፣ መጀመሪያ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ በደብዳቤ ጠርቶ ይሰማችኋል። በስልክ አትጨቃጨቂ። ሜትሩን ዲሹ ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ፣ የደንቡን ስም ጠቅሰሽ መላኩ በሚመዘገብበት በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኪ። እንቢ ካሉ ለኤፍሲሲ አቤቱታ ይገባል፣ እስኪወሰን ቅጣቱ አይቆጠርም።

ጋሽ ምክር፦ እሱም ይሁን። ግን የማኅበሩን ፕሬዚዳንት መጀመሪያ ቡና ጠርታችሁ አነጋግሯት። ክስ ጎረቤት ያሳጣል።

ሳቂታው፦ ቡናው ሲፈላ ምጣዱን እንዳታይባችሁ።

ዲሽ ሰቃዩ፦ እህቴ፣ ላክሽ ወይ? እናትሽ ፋሲካን አዩ?