የሂርማታው የአያቴ ፎቅ ቤት፦ በሲሚንቶ ላስለስነው ወይስ ልተወው?

የበረንዳዋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሂርማታ ነው የምኖረው። አያቴ የተወችልን ቤት ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ነው። ታቹ ድሮ ሱቅ ነበር፣ ላዩ መኖሪያ። በመንገዱ በኩል ከዳር እስከ ዳር የእንጨት በረንዳ አለው። መደገፊያው ላይ አናጢው በመጋዝ እየፈለፈለ ያወጣው አበባ አለ። ልጅ ሆኜ ጣቶቼን በቀዳዳው አስገብቼ መንገደኛ እቆጥር ነበር።

በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አያቴ አንዱን ምረጪ ተባለች። ሌላው ቤቷ ሰፊ ግቢ ነበረው። እሷ ግን ይሄንን አስቀረች። «ለምን?» ስላት «ከዚህ ሆኜ ገበያተኛው ሲመጣ አየዋለሁ» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት በጓሮ በኩል ምርጊቱ በሰፊው ተዘርግፎ ወረደ። ማገሩ ይታያል። ግንበኛ አመጣሁ። ግድግዳውን በሙሉ በሲሚንቶ ልለስነው፣ በረንዳውን አፍርሰን በብሎኬት እንዝጋው፣ መስኮቱም አሉሚኒየም ይሁን አለኝ። ወንድሞቼ ተስማምተዋል። እኔ ግን አንጀቴ እሺ አላለኝም። በእኛ መስመር እንዲህ ዓይነት በረንዳ ያላቸው አምስት ቤቶች ነበሩ፣ አሁን የቀረነው ሦስት ነን።

ሲሚንቶው ይሻላል? ደግሞስ እንዲህ ያለ ቤት የሚጠበቅበት ሕግ አለ?

ጡረታ የወጣ አናጢ

ልጄ፣ ሲሚንቶውን ተዪው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። በሲሚንቶ ስትሸፍኚው መውጫ ያጣል። ውሃው ወደ ውስጥ ወደ ቋሚው ይሄዳል። ከውጭ ቤቱ አዲስ መስሎ ይታይሻል፣ ከውስጥ ግን እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። ሲሚንቶውም ከጭቃው ጋር አይዋሃድም። ጥቂት ክረምት ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሳል። እንደዚህ የሆኑ ቤቶች ስንቱን ከፍቻለሁ!

መጀመሪያ ወደ ላይ እዪ። ምርጊት ዝም ብሎ አይወርድም። አሸንዳው ተበስቷል ወይም ቆርቆሮው ሚስማሩ ላይ ዝጎ ያፈሳል። እሱ ሳይደፈን ግድግዳ መሥራት ገንዘብ መጣል ነው። ቀጥሎ ካቻቢቴ ያዢና ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊ። ካቻቢቴው ከገባ በስብሷል ማለት ነው። ቢሆንም ሙሉውን ቋሚ አትቀይሪ። የበሰበሰው ተቆርጦ ከሥሩ ድንጋይ ይገባል፣ አዲስ እንጨት ይቀጠላል።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ይቆይ። በየቀኑ ይረገጥ። ጭዱ ለስለስ ብሎ ሲሸት ያኔ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ይሰነጠቅ፣ አትደንግጪ። በደንብ ሲደርቅ ሁለተኛውን ቀጠን አድርጎ መለሰን ነው፣ ከዚያ ኖራ መቀባት። ጅማ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ስለዚህ ከኅዳር በፊት እንዳትጀምሪ።

በረንዳውን ግን እባክሽ እንዳታስነኪ። ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ምሰሶና ሰገነት እዪ። እንጨት ከዝናብ ከተጠለለ ሰው ይቀብራል።

ከጅማ ለንደን

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቤቴን አስታወሰኝ። እዚህ የምንኖርበት ሰፈር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው። ተያያዥ የጡብ ቤቶች ናቸው። እሷ ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ነገሠች፣ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ በ1878 እ.ኤ.አ. ዙፋን ላይ ወጡ። የእኛን ጡብ ሲደረድሩ እሳቸው ጅሬን ላይ ነበሩ።

አባባ አናጢው ያሉት እዚህም ያው ነው። የድሮው ጡብ የተያያዘው በኖራ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ሞላው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል ወጣ። ውርጭ ሲመታው የጡቡ ፊት እየተላጠ እንደ ቀይ ዱቄት መሬት ላይ ይወርዳል። መስኮቶቻችን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ናቸው። በጎን በእንጨቱ ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ክብደት አለ። ገመዱ ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ቀይረን እስካሁን ይሠራል።

ሌላው ደግሞ ሰፈሩ ነው። እንግሊዞች በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ነጠላ ቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈርን በሙሉ የጥበቃ ቀጠና ማድረግ ጀመሩ። ምክንያቱም አንድ ቤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንቺም የቀሩት ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው ሂርማታ የነጋዴ ከተማ እንደነበረች የሚታየው። ጎረቤቶችሽን አብረሽ ያዢ።

እውነቱን ልናገር

ቤቱ የሚያምረው ከመንገድ ለሚያየው ነው። በክረምት ባልዲ ደርድሮ የሚያድረው ግን ነዋሪው ነው። ወንድሞችሽን አትፍረጂባቸው። ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ደህና ኩሽና ያስፈልጋቸዋል። ይሄ ካልተመለሰ በረንዳውን ማንም አያተርፈውም። እኔ ብሆን በጓሮ በኩል ኩሽናና መጸዳጃ በብሎኬት ለብቻው እሠራለሁ፣ የፊቱን እንዳለ እተዋለሁ።

ሕጉን በተመለከተ

አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ መጠገንም ማፍረስም አይቻልም። ካልተመዘገበ ግን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። ከጥገናው በፊት በሁሉም ጎን ፎቶ አንሺ፣ የካርታና የውርስ ወረቀትሽን ያዢና የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በጽሑፍ ጠይቂ። ሦስታችሁ አብራችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ትሰማላችሁ።

የበረንዳዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አባባ፣ እንዳሉኝ ካቻቢቴ ይዤ ዞርኩ። ከአሥራ አራቱ ቋሚዎች ሁለቱ ውስጥ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ሌሎቹ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናቸው። ሁለቱም ያሉት ምርጊቱ በወረደበት ነው፣ በላያቸው ደግሞ አሸንዳው ከመገጣጠሚያው ተላቋል። ወንድሜን ወስጄ አሳየሁት። ብዙ ዝም አለና «እንግዲህ ከአሸንዳው እንጀምር» አለ። የጓሮውን ኩሽና ሐሳብ ሳነብለትማ ወዲያው ሜትር ፈለገ።

ማዶ ያሉት እማማ መሰላል ሲያዩ አፍርሰሽ ልትሸጪው ነው ብለው ደንግጠው መጡ። ስነግራቸው የእሳቸውንም ቋሚ እንድወጋላቸው ጠየቁኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።