የጋራ ምክረ ሐሳብ፣ ክፍል ሦስት፦ ከቀጠሮ የቀረን ሰው ምን እናድርገው?

የረቂቁ አስተባባሪ፦
ውድ አባላት፣ በክፍል አንድና ሁለት ከሞላ ጎደል ተስማምተናል። የቀረን ክፍል ሦስት ነው፤ ለእኔ የምክረ ሐሳቡ ልብ ያለው እዚህ ነው። በገደብ (ቅጣቱ ታግዶለት) ወይም በአመክሮ (ቅጣቱ ሳያልቅ ተፈትቶ) በክትትል ሥር ውጭ ያለ ሰው አዲስ ወንጀል ሳይሠራ፣ ከቀጠሮ በመቅረቱ ወይም አድራሻ መቀየሩን ባለማሳወቁ ብቻ ተመልሶ ወህኒ ይገባል። ይህን እንዴት እንቀንስ? ለመነሻ ያህል ይህችን ጽፌአለሁ፦

«ክትትል የሚደረግለት ሰው ከቀጠሮ ሲቀር፣ ሠራተኛው ለፍርድ ቤት ከማሳወቁ በፊት ምክንያቱን ያጣራል።»

ምን ጎደላት? እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ወርውሩ።

የክትትል ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ እንዲህ ብቻ ከተጻፈ ማንንም አያስገድድም። በስንት ቀን? በስልክ ነው በደብዳቤ? ካልተገኘስ?

አንድ ፋይል ላንሳ። ወጣቱ የቀን ሠራተኛ ነው። ቀጠሮው ሁሌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይያዝለታል። የቀን ሥራ የሚያገኘው ግን ማልዶ የወጣ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ልምጣ ያለ ሰው የዕለቱን ደመወዝ ትቶ ነው የሚመጣው። ፋይሉ ወደ እኔ ሲዛወር ከፊቱ ላይ «ለክትትል ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ተጽፎበታል። ደውዬ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቅሁት። ቀጠሮውን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ባዞርለት መቅረቱ ቆመ። ጠባዩን ለመለወጥ ያደረግሁት አንዳችም ነገር የለም፤ የተቀየረው ሰዓቱ ነው። ከእኔ በፊት ሰዓቱን የጠየቀው አልነበረም፤ ቅጹም ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም።

የጥሪ ደብዳቤያችንንም እዩት። ግማሽ ገጽ የአንቀጽ ቁጥር፣ ቀጥሎ ማስፈራሪያ የሚመስል ማስጠንቀቂያ፣ ቀኑና ሰዓቱ መጨረሻ መስመር ላይ በደቃቃ ጽሑፍ። ኒው ዮርክ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ቅጹን ዋናው መረጃ ጎልቶ እንዲታይ አድርገው ሲያስተካክሉ ከቀጠሮ መቅረት በ13 በመቶ ቀነሰ፤ በስልክ የማስታወሻ መልእክት መላክ ደግሞ በ21 በመቶ ቀነሰው። ሰው የሚቀረው ንቆ ነው የሚለው እምነታችን ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም።

የሕግ ባለሙያ፦
የሕግ ድጋፉ በእጃችን ነው፤ እንጠቀምበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከእስር ውጭ ስላሉ እርምጃዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ የቶኪዮ ደንቦች የምንላቸው፣ ቁጥር 14 ላይ ግልጽ ናቸው። ግዴታ ተጣሰ ተብሎ ውሳኔው ከመቀየሩ ወይም ከመሻሩ በፊት የተቆጣጣሪውም የባለጉዳዩም ቃል በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ከእስር ውጭ የተሰጠ ቅጣት አልሠራም ማለት ደግሞ ሰውዬው ወዲያውኑ ይታሰር ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ሌላ ተስማሚ አማራጭ ይፈለጋል፣ እስር የሚመጣው ያ ሲታጣ ነው። ቁጥር 12ም ግዴታዎቹ ተግባራዊ፣ ግልጽና በተቻለ መጠን ጥቂት ይሁኑ ይላል። አሥራ አምስት ግዴታ የተጫነበት ሰው አንዱን መጣሱ አይቀርም። ይህች ሐሳብ በክፍል ሁለትም ብትገባ ደስ ይለኛል።

የተጎጂዎች ድጋፍ ባለሙያ፦
በብዙው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልለቃችሁም። ሚስቱን ደብድቦ የጥበቃ ትዕዛዝ የወጣበት ሰው ከቀጠሮ ሲቀር እኛ «ምክንያቱን እናጣራ» ብለን ሳምንት ብንቀመጥ፣ ያን ሳምንት በፍርሃት የምታድረው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው መቅረቱ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትዕግሥት የሚል ጽሑፍ ላይ ስሜ እንዲሰፍር አልፈልግም።

የረቂቁ አስተባባሪ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ረቂቁ ይህን አላየውም።

የሥልጠና ክፍል፦
ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጣትስ ብንል? የአሜሪካዋ ግዛት ሃዋይ በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሠራር ነበር፤ ግዴታ የጣሰ ሁሉ ወዲያው ለጥቂት ቀናት ይታሰራል። ቅጣቱ አጭር ነው፣ ግን አይቀሬ። መጀመሪያ ጥሩ ውጤት ስለተነገረለት በአራት ሌሎች የአሜሪካ አካባቢዎች ተሞከረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ግምገማ ከተለመደው ክትትል የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ ዳግም መያዝን አልቀነሰም። ይህን የማነሳው «ጠንከር በሉ» የሚሉን እንደሚመጡ ስለማውቅ ነው፤ መልሱን ከወዲሁ እንያዝ።

የእህታችን ሥጋት መልስ ያለው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድሩስ፣ ቦንታና ሆጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዳበሩት መርህ ክትትሉ በሥጋቱ መጠን ይሁን ይላል። አነስተኛ ሥጋት ያለበትን ሰው በቀጠሮ ብናጨናንቀው ከሥራው፣ ከትምህርቱና ከቤተሰቡ እንነጥለዋለን፤ ከወንጀል የሚጠብቁት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የአንዱ መቅረት በስልክ ይፈታል፣ የሌላው መቅረት በዚያው ቀን ለፖሊስና ለተጎጂዋ ይነገራል። ልዩነቱ ግን አስቀድሞ በፋይሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ ለሠራተኛው የዕለቱ ስሜት መተው የለበትም።

የቅርንጫፍ ኃላፊ፦
ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ያ ሁሉ ስልክ በማን ይደወላል? ሠራተኞቼ በፋይል ተውጠዋል።

የክትትል ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ አነስተኛ ሥጋት ያለባቸውን በየሳምንቱ መጥራት ብንተው ጊዜ እናተርፋለን። መጥተው ፈርመው ነው የሚሄዱት፤ እኔም ቀና ብዬ የማላየው ጊዜ አለ። ለፍርድ ቤት ሪፖርት መጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ስልኩ አምስት ደቂቃ ነው።

የቀድሞ ታራሚዎች ተወካይ፦
እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል ስለነበርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ከቀጠሮ የቀረ ሰው በሚቀጥለው የማይመጣው በፍርሃት ነው። ፖሊስ በር ላይ የሚጠብቀው ይመስለዋል። መጀመሪያ በትራንስፖርት እጦት ይቀራል፣ ከዚያ በሐፍረት፣ ከዚያ ስልኩን ይዘጋል። እናንተ ዘንድ ሲደርስ «ተሰወረ» ይባላል። በመጀመሪያው ቀን «ለምን እንደቀረህ ንገረኝ፣ ነገ ና፣ ገና ምንም አልተጻፈብህም» የሚል ድምፅ ቢሰማ ብዙው ይመለሳል። የሚደውለውም የሚያውቀው ሠራተኛ ይሁን። ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር ታሪኩን ከሀ ጀምሮ እንዲናገር የሚገደድ ሰው ልቡን አይከፍትም።

የረቂቁ አስተባባሪ፦
እናመሰግናለን። ሁሉንም አንብቤ ክፍል ሦስትን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«፩. በመጀመሪያው ቀጠሮ ሠራተኛውና ባለጉዳዩ ሥራን፣ ሕክምናን፣ ትምህርትንና የልጅ እንክብካቤን ያገናዘበ ሰዓት አብረው ይወስናሉ፤ ሰዓቱ የተመረጠበት ምክንያት በፋይሉ ይሰፍራል።
፪. ባለጉዳዩ ሲቀር፣ ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ በስልክ ያነጋግረዋል። ካላገኘው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱ ይሄዳል ወይም ባለጉዳዩ ራሱ አስቀድሞ ወደ ሰየመው ሰው ይደውላል።
፫. በሰው ላይ ጉዳት የማድረስ ከፍተኛ ሥጋት እንዳለበት አስቀድሞ በጽሑፍ የተመዘገበ ባለጉዳይ ሲቀር፣ ቁጥር ፪ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካልና ለተጎጂው ይነገራል።
፬. ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የግዴታ ጥሰት ሪፖርት የባለጉዳዩን ቃል፣ የተሞከሩ እርምጃዎችንና ከእስር ውጭ ያለ ቢያንስ አንድ አማራጭ ይይዛል።»

የተጎጂዎች ድጋፍ ባለሙያ፦
ቁጥር ፫ ላይ «ለተጎጂው፣ መረጃው እንዲደርሰው ከፈለገ» ይባል። መስማት የማይፈልጉም አሉ። በዚህ ከተስተካከለ እፈርማለሁ።

የሕግ ባለሙያ፦
ቁጥር ፬ን ለዳኞች የሚያስረዳ አንድ ገጽ አባሪ እኔ አዘጋጃለሁ።

የቅርንጫፍ ኃላፊ፦
በእኔ ቅርንጫፍ ለሦስት ወር እንሞክረውና ለፍርድ ቤት የሚጻፈው ሪፖርት በስንት እንደቀነሰልን ከቁጥሩ ጋር ይቅረብ። ያለዚያ በጀት ያዡ አይሰማንም።

የረቂቁ አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ፤ የሙከራው ሐሳብ በክፍል አራት ይገባል። አዲሱን የጥሪ ደብዳቤ የክትትል ሠራተኛውና የቀድሞ ታራሚዎች ተወካይ አብረው ይጻፉት፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ቀኑና የሠራተኛው ስልክ ከላይ ይሁን።