«ደንበኛው ረክቷል» ያለው ማን ነው?

ጠያቂው፦ ትናንት ማታ አንድ የባንክ ኃላፊ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «መተግበሪያችን ቀላል ነው፣ ደንበኛው ረክቷል፣ ኮከቡ ይመስክር» ሲል ሰማችሁት? ያ ኮከብ ስጡ የሚለው ሳጥን ብቅ የሚለው ብሩ ከተላለፈ በኋላ ነው እኮ። መሀል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ማን ጠየቀው?

ኮደሩ፦ ጀመራችሁ ደግሞ! አምስት ኮከብ የሰጠው ሕዝብ ሁሉ ዋሽቷል ልትሉን ነው? እኔ የምኖረው በዚህ ሥራ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ሰው ያማርራል፣ ወር ሳይሞላው ይለምደዋል። በቃ።

የመርካቶ ልጅ፦ «ይለምደዋል» አለ! ወንድሜ፣ ደሞዜ የሚገባው እዚያ ባንክ ነው፣ ባልለምደው የት ልሄድ ኖሯል? የኮንዶሚኒየም ሊፍት አለመሥራቱንም ለምደናል። ረክተናል ማለት ነው?

ኮደሩ፦ ሊፍትና ሶፍትዌር ምን አገናኘው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔ የእናቴን ልንገራችሁ። መተግበሪያው የልደት ቀን ጠየቃት። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው 1953 ነው፣ እሱን ሞላች። ለካ የሚፈልገው የፈረንጁን ነው፤ ግን የትም አልተጻፈም። የመጣው መልስ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በቀይ። ደጋግማ ስትሞክር ቆለፈባት። ቅርንጫፍ ሄዳ ተሰልፋ ከፈቱላት በኋላ ልጁ «አገልግሎታችን እንዴት ነው እማማ?» አላት። ምን ብትል ጥሩ ነው? «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።» ይኸው፣ እሷም ከረኩት መሀል ተቆጠረች።

ተማሪው፦ ለዚህ እኮ ኤስዩኤስ (System Usability Scale) የሚባል፣ አንድ ሲስተም ለተጠቃሚው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የሚለካ መጠይቅ አለ። ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ነው። 10 ዓረፍተ ነገር አለው፣ ግማሹ የሚያሞግስ፣ ግማሹ የሚነቅፍ። ውጤቱ ከ100 ነው፣ አማካዩ 68 አካባቢ።

የመርካቶ ልጅ፦ ባጅ ያንጠለጠለ የባንክ ሰው ፊት ቆሞ ደግሞ ማን ይነቅፋል? ይሉኝታን የት አደረግከው?

ተማሪው፦ እሱም ታስቦበታል። በይሉኝታ ለሁሉም «እስማማለሁ» ብትል የሚወጣልህ 50 ነው። ሙገሳውና ነቀፋው ይጣፋሉ። ኮከብ ላይ ግን ይሉኝታህ አምስት ሆኖ ይመዘገባል።

ኮደሩ፦ መጽሐፍ አታንብብልን። የአጠቃቀም ቅለት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን ራሱ ለሙከራ 5 ሰው ይበቃል ብሏል። እኛም 5 ሰው አስሞክረናል፣ ሁሉም ያለችግር ጨርሰዋል።

ተማሪው፦ ኒልሰን ያለው እኮ ጉድለት ለማግኘት ነው! በእሱ ግምት 5 ሰው 85 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣል፣ ታርማለህ፣ ከዚያ እንደገና በሌሎች 5 ትሞክራለህ። እርካታ ለመለካት 5 ሰው ይበቃል ያለህ የለም።

ጠያቂው፦ ለመሆኑ 5ቱ እነማን ነበሩ?

ኮደሩ፦ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ምን ችግር አለው? እነሱ ብር አይልኩም?

የመርካቶ ልጅ፦ ኧረ ይልካሉ! ቀዩን እንግሊዝኛ የጻፉትም እነሱ ናቸው፣ እንዴት ይጠፋባቸዋል?

ከቨርጂኒያ፦ እናንተስ ኮዱ ይደርሳችኋል። እኔ ዘንድ የማረጋገጫው ኮድ የሚገባው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። እኔም ኮከብ ተጠይቄ አላውቅም።

ኮደሩ፦ የሮሚንግ ችግር የኛ አይደለም። የቴሌኮም ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ለተጠቃሚው ምኑ ነው የማንም ይሁን? ብሩ አልሄደም።

ኮደሩ፦ እዚያ ተቀምጦ መተቸት ቀላል ነው። መጥታችሁ ሥሩት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሰውዬው ስለ ኮድ አወራ፣ አንተ ስለሚኖርበት አገር። የእናቴን የልደት ቀን ጉዳይ ደግሞ ዘለልከው።

ኮደሩ፦ አልዘለልኩም። የዘመን አቆጣጠሩ ከዋናው ሲስተም የመጣ ነው፣ እኛ አንነካውም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ «የፈረንጅ አቆጣጠር» ብሎ ከሳጥኑ በላይ መጻፍም ከዋናው ሲስተም ነው?