ለማይለቅ የራስ ቆዳ ቁጣ፦ የትኛው ሻምፑ፣ የትኛው መድኃኒት ቤት፣ የትኛው ሐኪም?

ጥያቄ፦ ፎረፎር ነው ብዬ ንቄ የተውኩት ነገር ሦስት ዓመት ሆነው። ከጆሮዬ ጀርባና ከግንባሬ ጠርዝ ላይ ነጣ ነጣ እያለ፣ ቅባት ያለው ቢጫ ቅርፊት ያወጣል፤ ሌሊት ደግሞ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጥቁር ልብስ መልበስ ትቻለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የሞከራችሁትን እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የእኔን ሐኪሙ «ሴቦሪክ ደርማታይተስ» ብሎታል፤ ያንቺም እንደ አገላለጽሽ እሱን ይመስላል። ጨርሶ የሚነቀል ሕመም አይደለም፤ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። ስለዚህ «በአንድ ወር እናድንሻለን» የሚልሽን ሁሉ እለፊው። እኔ ለእንዲህ ያለ ቃል ያፈሰስኩት ገንዘብ የስንት ዓመት ሻምፑ ይገዛልኝ ነበር።

ከሻምፑ የምመርጠው ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለበትን ነው፤ የድርጅቱ ስም ብዙም አያሳስብሽ፣ መጠኑን ብቻ አንብቢ። መጀመሪያ የገዛሁትን «አይሠራም» ብዬ ጥዬዋለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። እንደ ሳሙና አረፋ አድርጌ ወዲያው አጥበው ነበር። ቆዳው ላይ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ወር ያህል፣ ከተሻለሽ በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ። እኔ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የመታጠቢያ ቀኔን የምቆርጠው በውኃው ቀን ነው፤ ላንቺም እንዲያ ከሆነ አንድ ጀሪካን ሞልተሽ አስቀምጪ፣ አምስቱ ደቂቃ ሳይሞላ ቧንቧው እንዳይጠፋብሽ።

ሰሊኒየም ሰልፋይድ 2.5 በመቶ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ሽታው አይወደድም፤ ሂና ወይም ቀለም የተቀባ ፀጉርን መልኩን ሊለውጥ ይችላል፤ የብር ቀለበትሽንም አውልቂ። የሱፐርማርኬቱ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ ለቀላል ፎረፎር ይበቃል፤ ላንቺ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። ዘመድ ከአውሮፓ የሚልክልሽ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን አገላብጠሽ እዪ። እዚያ ዚንክ ፓይሪቲዮን (የዚህ ሻምፑ የተለመደው የፎረፎር መድኃኒት) ከመዋቢያ ዕቃዎች ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለታገደ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ መድኃኒት ነው።

ለመግዛት መጀመሪያ «ከነማ» የሚባሉትን የከተማ አስተዳደሩን እና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤቶች ጠይቂ። እነሱ ጋር ከጠፋ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ያሉትን የግል መድኃኒት ቤቶች ዙሪ፤ ዋጋው ከበር በር ስለሚለያይ በመጀመሪያው አትግዢ። ከመንገድ ዳር ደርድረው ከሚሸጡ ግን መድኃኒትነት ያለው ነገር አልገዛም።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። አንድ የግል ክሊኒክ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠኝ፤ «ራሳችን የቀመምነው ነው» አሉኝ። በአሥር ቀን ራሴ እንደ ሕፃን ቆዳ ጠራ። ስተወው ከበፊቱ ብሶ መጣ፤ ግንባሬ ላይ የተቀባሁበት ቆዳም ሳስቶ ደም ሥሩ ይታይ ጀመር። በኋላ ያየኝ ሐኪም ጠንካራ ስቴሮይድ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ስቴሮይድ መጥፎ ነው አልልም፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ፣ ለራስ ቆዳ ብቻ ሲሆን ቁጣውን ቶሎ ያበርዳል። ስሙ ያልተጻፈበትን ግን ለጠላቴም አልመኝም።

ለምርመራ ዘነበወርቅ ሰፈር ያለው አለርት ሆስፒታል ሂጂ። «ዘነበወርቅ» ሲባል የሥጋ ደዌ ትዝ ብሎት ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ዛሬም አለ፤ ማዕከሉ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለዚያው ሕመም ቢቋቋምም አሁን ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ነው። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያዢ፣ ከመሥሪያ ቤት የሙሉ ቀን ፈቃድ ጠይቂ። ሐኪም ማየቱ የሚጠቅመው ሶሪያሲስ (ሌላ ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ ሕመም)፣ ቆረቆርና የእኛው ሕመም በዓይን ስለሚመሳሰሉ ነው። ለቆረቆር ሻምፑ ብቻውን አይበቃም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝልሽም አትደንግጪ፤ ይህ ነገር ሲበረታ የተለመደ ጥያቄ ነው።

የቀረው ቅቤ ነው። ራስ ላይ የሚኖረው ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ቅባት ይመገባል፤ ለጋ ቅቤም የወይራ ዘይትም ለእሱ ድግስ ነው። ይህን ለእናቴ ባስረዳት ቅር ተሰኘች፤ «እኔ በቅቤ ነው ያሳደግኩሽ» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም ሞክሬያለሁ፤ የተቆጣ ቆዳ ላይ እሳት ናቸው።

ሌላ መልስ፦ እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ከላይ በተባለው ላይ ሹሩባን ልጨምር። ቅርፊቱ እያለ አጥብቀሽ አትሠሪ፣ ዊግም አታሰፊበት፤ ታጥበሽ በደንብ ሳይደርቅ አትጎንጎኚ። ካስክ ስር ስትገቢ ሙቀቱን አስቀንሺ። ማበጠሪያሽን ይዘሽ ነይ፣ ባለሙያዋ አትቀየምም። ከተቀየመች ሌላ ቤት ሂጂ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻምፑውን ገዛሁ፤ ግን ፀጉሬን አያደርቀውም? ለነገሩ የእኔም እናት ለፋሲካ ቅቤ ይዛ ትመጣለች።

መልስ፦ ያደርቃል። ስለዚህ ቆዳው ላይ ብቻ በጣትሽ ጫፍ አሺው፤ ኮንዲሽነሩን ደግሞ ከጆሮሽ በታች ላለው ፀጉር ብቻ አድርጊ። ቅቤውን በተመለከተ እኔ በመጨረሻ የተስማማሁት ጫፉን እንድትቀባኝ ነው። እሷ ግን እጇ ሁልጊዜ ወደ መሃል ይሄዳል፤ ስለዚህ በማግስቱ ሻምፑዬን ይዤ ወደ ቧንቧው እገባለሁ።