የጃፓንና የአሜሪካ ማሸጊያ እንዲህ የተለያየው ለምንድነው?

ጀማሪው
ሰላም ለሁላችሁ። የማሸጊያ ዲዛይን እየተማርኩ ነው። በቅርቡ የጃፓን ኦኒጊሪ እጄ ገባ፣ በስስ ደረቅ የባሕር አረም የሚጠቀለል ሩዝ ነው። አረሙ ሩዙን ከነካው ይርሳል፣ ስለዚህ በመሃላቸው ስስ ፕላስቲክ አስገብተዋል። ላዩ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አለ። 1ን ይዘህ መሃሉን ዙሪያውን ትቀደዋለህ፣ ከዚያ 2ንና 3ን ግራና ቀኝ ስትስብ ፕላስቲኩ ሾልኮ ይወጣና አረሙ ኩርሽምሽም እንዳለ ሩዙ ላይ ልጥፍ ይላል። አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ከአሜሪካ የመጣ የጆሮ ማዳመጫ ግን ዙሪያውን በተጣበቀ ደረቅ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር፣ በቢላ ስታገለው ጣቴን ቆረጠኝ። አሜሪካኖቹ ለሚከፍተው ሰው አያስቡም ማለት ነው?

ባለመደርደሪያ
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። አለማሰብ አይመስለኝም፣ የሚጨነቁት ከመክፈቱ በፊት ስላለው ሰዓት ነው። ድሮ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የጠየቅከውን ያወርድልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የሚባል ነጋዴ አሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የሚባል ሱቅ ከፈተና ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እንዲያነሳ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚያግባባህ ሻጭ የለም፣ ካርቶኑ ራሱ ከሩቅ ሊጠራህ ይገባል። የብርቱካን ጭማቂ አምራቹ ትሮፒካና በ2009 ስትሮው የተሰካበትን ብርቱካን ከካርቶኑ ላይ ሲያነሳው ሰዎች መደርደሪያው ላይ ፈልገው አጡት። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽያጩ 20 በመቶ ገደማ ወረደና የድሮውን መለሱት። ያ የቆረጠህ ፕላስቲክም ዕቃው ከውጭ እንዲታይና በቀላሉ እንዳይሰረቅ የተሠራ ነው።

ሐና ዲ
ፍርሃትም አለበት። በ1982 ቺካጎ አካባቢ አንድ ሰው ታይለኖል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ጨምሮ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ክዳኑ ሥር ያለው ስስ ፎይልና አንገቱ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እሱን ስቀድ አልማረርም።

የጃፓኑን በተመለከተ ግን ከኦኒጊሪው የሚበልጥብኝ የሻምፑው ነው። ካኦ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 የሻምፑ ጠርሙስ ጎን ላይ ትንንሽ ጥርሶች አወጣ። የፀጉር ኮንዲሽነሩ ጠርሙስ ግን ለስላሳ ነው። ማየት የማይችል ሰው፣ ወይም አረፋ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ የጨፈነ ማንኛውም ሰው በጣቱ ይለየዋል። ካኦ ለብቻዬ ይሁን ሳይል ለሌሎቹም ስለተወው ዛሬ እዚያ አገር የተለመደ ሆኗል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

ቀለሙ
ሐናዬ ልክ ነሽ፣ ግን "ጃፓን ለእጅ፣ አሜሪካ ለዓይን" ብለን እንዳንደመድም። የኮካ ኮላ ጠርሙስ በ1915 ሲታዘዝ በጨለማ በእጅ ተነክቶ እንዲታወቅ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢገኝ እንኳ እንዲለይ ነበር የተፈለገው። የጃፓኑ ኪኮማን ኩባንያ ቀይ ክዳን ያለው የሶያ ሶስ ጠርሙስ ደግሞ የዲዛይነሩ የኬንጂ ኤኩዋን ሥራ ነው፣ 1961። እናቱ ከትልቅ ጠርሙስ ለመቅዳት ስትቸገር ልጅ ሆኖ አይቷል። ሦስት ዓመት፣ ከመቶ በላይ ሞዴል ፈጀበት፣ አፉ ጠብታውን ወደ ውጭ እንዳያወርድ። ያው ጠርሙስ አሜሪካ መደርደሪያ ላይም ማንም ሳያብራራለት ይሸጣል።

አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ጃፓን ብስኩቱ አንድ በአንድ ይታሸጋል፣ ከዚያ ትሪ፣ ከዚያ ሳጥን፣ ከዚያ ከረጢት። ምክንያት አለው፣ እርጥበቱ ከባድ ነው፣ ከጉዞ የመጣ ሰውም ለሥራ ባልደረቦቹ አንድ አንድ ያድላል። ቢሆንም በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሪፖርት በነፍስ ወከፍ የፕላስቲክ ማሸጊያ ቆሻሻ አሜሪካን አንደኛ፣ ጃፓንን ሁለተኛ አድርጓል። እጅን የሚያከብረው ማሸጊያ መሬቱንም ያክብርልን።

ጀማሪው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመመረቂያዬ የሻምፑውን ይዣለሁ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሰዎች ጋር እሞክረዋለሁ። የኦኒጊሪውን መጠቅለያ ከፕላስቲክ ሌላ በሆነ ነገር የሞከረ የምታውቁት አለ?