«አንድ አጋጣሚ ንገረን» ሲሉኝ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል፤ ነገ ኢንተርቪው አለኝ!

ግራ ገባኝ (ሐሙስ ማታ 1፡20)
ሰላም ለዚህ ቤት። ነገ 9 ሰዓት ተኩል ኢንተርቪው አለኝ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ድርጅት ጠርቶኝ ነበር። ስለ ሥራው ቢጠይቁኝ እመልስ ነበር። እነሱ ግን «ከባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን አንድ አጋጣሚ ንገረን» አሉኝ። «እኔ ከሰው ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» አልኩ። ሦስቱም አቀርቅረው ጻፉ። ቀጥለው «የተሳሳትክበትን ጊዜ ንገረን» አሉ። «እስካሁን የለም» አልኩ። አሁንም ጻፉ። በ15 ደቂቃ አለቀ፣ እስከ ዛሬም አልደወሉም። የነገዎቹም እንደዚሁ የሚጠይቁ ይመስለኛል። የሚሸመደድ አሪፍ መልስ ያለው ሰው ይላክልኝ። በተለይ የግጭቱን።

የፒያሳ ቀልደኛ (1፡24)
«ድክመትህ ምንድነው?» ካሉህ «ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት» በላቸው። እኔ እንደዚያ ብዬ ተቀጥሬያለሁ። አሁንም ከምሳ በኋላ ነው የምጽፍልህ።

ወለላ (1፡27)
ስታር በሚባለው ዘዴ መልስ። መጀመሪያ ሁኔታው፣ ቀጥሎ ያንተ ኃላፊነት፣ ከዚያ ያደረግከው፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱ። ጎግል ላይ ሞልቷል። መልካም ዕድል!

ጡረተኛው (1፡36)
ልጄ፣ ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ ብታውቅ አትፈራውም ነበር። ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ለበረራ የሚሆኑ ሰዎችን መምረጥ ነበረበት። ጆን ፍላናጋን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር እዚያ ይሠራ ነበር። «ጥሩ አብራሪ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለህ ብትጠይቅ የምታገኘው ቅጽል ነው፤ ጎበዝ፣ ደፋር፣ ታማኝ። «በዚያች ቀን ምን አደረገ?» ብለህ ስትጠይቅ ግን የሚጨበጥ ነገር ይመጣል። ፍላናጋን ይህን አጋጣሚ እየጠየቁ የመመዘን ዘዴ በ1954 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶም ጃንዝ የሚባል ተመራማሪ ያለፈ ድርጊትን የሚጠይቀውን ቃለ መጠይቅ ከልማዱ ዓይነት ጋር አወዳደረ...

የፒያሳ ቀልደኛ (1፡38)
ጋሼ፣ ልጁ ነገ ኢንተርቪው አለው፣ እርስዎ ገና ከጦርነቱ አልወጡም።

ጡረተኛው (1፡41)
ወጥቻለሁ። ጃንዝ ያገኘው ይኼ ነው፤ ያለፈውን ሥራህን የሚጠይቀው ቃለ መጠይቅ ወደፊት እንዴት እንደምትሠራ በተሻለ ይጠቁማል። ስለዚህ «ሰላማዊ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» ብትላቸው ቅጽል ሰጠሃቸው ማለት ነው። እነሱ የሚፈልጉት ድርጊት ነው። በዚያ ላይ ማቀርቀራቸው ንቀት አይደለም። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ቅጽ ላይ ነጥብ ይሞላሉ። አንተ ባዶ ስትላቸው ምን ይሙሉ?

ሁሉም ተይዟል (1፡44)
ወንድሜ አትድከም። ቦታው የአንዱ አለቃ እህት ልጅ ይዞታል። አንተን የጠሩህ ፋይሉ ላይ ሦስት ተወዳዳሪ እንዲኖር ነው። እኔ ሰባት ቦታ ገብቼ አይቼዋለሁ።

ግራ ገባኝ (1፡46)
እኔም እሱን ነው የምፈራው። ጋሼ አመሰግናለሁ። ግን የሌለኝን ግጭት ከየት ላምጣ? ዝግጁ መልስ ያለው ሰው የለም?

የጎፋዋ (1፡52)
የምን ሥራ ነው? ከዚህ በፊት ምን ላይ ነበርክ? በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? ይህን ሳትነግረን እንዴት እንርዳህ?

ሁሉም ተይዟል፣ እኔ ኤንጂኦ ውስጥ ለሎጂስቲክስና ለግዥ ቅጥር ፓነል (የጠያቂዎች ቡድን) ላይ እቀመጣለሁ። ያልከው የሚሆንበት ቤት የለም አልልም። ሦስት ሰው ለየብቻው ነጥብ በሚሞላበት ቤት ግን የእህት ልጅም ቢሆን «ተጋጭቼ አላውቅም» ካለ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ለእህት ልጅ ቦታ የምናመቻችለት እኛው ጥሩ መልስ ለማዘጋጀት ስንሰንፍ ነው።

ግራ ገባኝ (1፡57)
ይቅርታ እህቴ። ኤንጂኦ ነው፣ የሎጂስቲክስ ረዳት። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት 4 ዓመት ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ስለመጣ ኢንተርቪውም በእንግሊዝኛ ይመስለኛል። ስቶር ላይ ግን ምን ታሪክ አለ? ዕቃ ትቀበላለህ፣ ዕቃ ታወጣለህ።

የጎፋዋ (2፡01)
4 ዓመት ስቶር ላይ ተቀምጠህ «ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ወጪ ቅጽ አውጣልኝ» ያለህ ሰው የለም?

ግራ ገባኝ (2፡09)
ኧረ ሞልቶ! አንድ አስተባባሪ ነበር። የክትባት ዘመቻ ሊሄድ መኪና አስነስቶ መጣና «20 ካርቶን ጓንት ጫን፣ ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ» አለኝ። አላወጣም አልኩ። ሰው ፊት ጮኸብኝ። ኃላፊው ጋ ደወልኩ፣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የመጠየቂያውን ቅጽ እኔው ሞላሁና በሞተር ሄጄ ስብሰባው በር ላይ አስፈረምኩ። ተመልሼ ሞዴል 22 ቆረጥኩ፣ ዕቃው ወጣ። ሁሉ ነገር 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰውየው ግን ሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም። ይሄ እኮ ግጭት አይደለም፣ ሥራ ነው።

የጎፋዋ (2፡12)
አንጀቴን በላኸው! በቃ፣ የግጭቱ መልስ ይኸው ነው። «ተጋጭቼ አላውቅም» ያልከው በጨዋነት ነው። እኛ ግጭት ሲባል ዱላ የተነሳበት፣ ሽማግሌ የገባበት ነገር ይመስለናል። እነሱ የሚጠይቁት ሁለት ሰው በአንድ ሥራ ላይ የተለያየ ነገር ሲፈልግ ምን አደረግክ ነው። ከዚያ በኋላስ ከሰውየው ጋር እንዴት ሆናችሁ?

ግራ ገባኝ (2፡15)
ምንም። ዘመቻ ሊኖር ሲል ቅጹን ከሁለት ቀን በፊት ለእሱ መላክ ጀመርኩ። አስሞልቶ ይመጣል፣ እኔ አወጣለሁ። ሁለተኛ አልተጣላንም። ሥራውን ስለቅ ቡና ጋበዘኝ እንኳ።

የጎፋዋ (2፡21)
ይኼን ደብቀህ ነው የሚሸመደድ መልስ የምትለምነን? ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ነጥቡን የምታመጣው። ሕጉን ጠበቅክ፣ ዘመቻው አልቆመም፣ ሁለተኛ እንዳይደገምም መላ አበጀህ። አስተባባሪውን አትሳደብ። «እሱም ዘመቻው እንዳይዘገይበት ቸኩሎ ነበር» በልለት፣ እውነትም ነው። መግቢያውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ቁረጠው። ብዙ ሰው የወረዳውን መልክዓ ምድር ሲተርክ ጊዜው ያልቅበታል። ሰፊውን ቦታ ለሠራኸው ስጠው። ሌላ ደግሞ፣ ፓነሉ ላይ የውጭ ዜጋ ካለ ሞዴል 22 ስትለው የመኪና ሞዴል ይመስለዋል። የንብረት ወጪ ቅጽ መሆኑን በአንድ ቃል አስረዳው።

ሲልቨር ስፕሪንግ (2፡26)
ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። የጎፋዋ ያለችውን በሌላ በኩል ልጨምር። እዚህ ሆስፒታል ለመቀጠር መጀመሪያ ስጠየቅ «ተባበርን፣ አደረግን፣ ጨረስን» እያልኩ መለስኩ። እናቴ «እኔ፣ እኔ» የሚል ሰው አትወድም፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። ጠያቂዋ ሁለቴ «አንቺስ?» አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም፣ ሥራውንም አላገኘሁም። አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፣ ታሪክህ ውስጥ «እኛ» የለም። ሞተሩን የነዳኸው አንተ ነህ። ሞላሁ፣ ደወልኩ፣ አስፈረምኩ በል። ጉራ አይደለም፣ የሆነው ነው።

ቢኒ_አውቶ (2፡29)
ስታር የሚባል ዘዴ አለ፣ እሱን ተጠቀም። ሁኔታ፣ ኃላፊነት፣ ድርጊት፣ ውጤት።

ወለላ (2፡30)
ከላይ ብዬዋለሁ 🙄

የፒያሳ ቀልደኛ (2፡33)
ስታር ሲባል እኔ የሚታየኝ ሆቴሉ ነው። ቆይ ግን፣ 9 ሰዓት ተኩል ስትል ከሰዓት ነው? ነገ ዓርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት ኢንተርቪው የሚያደርግ ኤንጂኦ ካለ አድራሻውን ላክልኝ፣ እኔም ልልቀቅና እዚያ ልግባ፤ ታታሪዎች ናቸው ማለት ነው።

ግራ ገባኝ (2፡36)
😂😂 የስህተቱንስ ምን ልበል? እሱን እውነት መናገር ይከብዳል። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት) ከፊት ደርድሬ አሮጌው ከኋላ ቀረ። በቆጠራ ሲታይ 12 ካርቶን ጊዜው አልፎበታል።

ሁሉም ተይዟል (2፡38)
ይህችን ከተናገርክ አለቀልህ። መድኃኒት ያስበላሸ ስቶር ኪፐር ማን ይቀጥራል? «ድክመቴ ሥራ ማብዛት ነው» በልና እለፍ።

የጎፋዋ (2፡44)
ለአንድ ቦታ ስድስት ሰው ብጠይቅ አራቱ «ድክመቴ ሥራ ማብዛት ነው» ይሉኛል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነው የማዳምጣቸው።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግክ ግራ ገባኝ? ቶሎ በል።

ግራ ገባኝ (2፡48)
በዚያው ቀን ለኃላፊው በጽሑፍ አሳወቅኩ፣ ካርቶኖቹን ለብቻ አስቀመጥኩ። ሁሉንም መደርደሪያ እንደ አዲስ ደረደርኩት፣ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ፊት እንዲሆን። የሚያልፍበትን ወር በትልቁ በማርከር ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ። ቢን ካርዱንም (የዕቃውን ገቢና ወጪ የምንመዘግብበትን ካርድ) በየወሩ መጨረሻ ከመደርደሪያው ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ቆጠራዎች እንደዚያ የተበላሸ አልተገኘም።

የጎፋዋ (2፡53)
ታዲያ ንገራቸው! የመድኃኒት መጋዘን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ የሚለው እኮ የሥራችን ሀሁ ነው። በራስህ አፍ «እኔ ነኝ የደረደርኩት» ማለትህ ላይ አትንተባተብ። የተባበሩት መንግሥታት ቤቶች ከውጤቱ ቀጥለው «ምን ተማርክበት?» ብለው ይጨምራሉ። ሌላውም ይህን ልማድ እየወሰደ ስለሆነ በማርከሩ ጨርስ።

አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ጋር አትከራከር፤ ስህተቱን የባለፈው ስቶር ኪፐር ጥፋት አታድርገው።

ጡረተኛው (2፡58)
ደግሞ መሸምደዱን ተው ልጄ። የተሸመደደ መልስ «ያን ጊዜ ምን አለህ? ስንት ሰዓት ፈጀ?» ሲባል ይፈርሳል። ሁለቱን ታሪኮች አሁን ስልክህ ላይ ቅዳቸው፣ መልሰህ ስማቸው። ከሁለት ደቂቃ ካለፉ ከመግቢያው ቁረጥ። በእንግሊዝኛ ስትቀዳ ቃል በቃል አትጻፍ፣ ዋና ዋና ግሦቹን ብቻ ያዝ። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ታሪኩ ያንተ ስለሆነ መንገዱ አይጠፋህም። እዚህ ላይ ስለ ማስታወስ የተደረገ አንድ ጥናት...

የፒያሳ ቀልደኛ (2፡59)
ጋሼ! 🙏

ሲልቨር ስፕሪንግ (3፡04)
ኤንጂኦ ከሆነ ስለ ሴፍጋርዲንግም (ተረጂዎችን ከሠራተኞች ጥቃት ስለመጠበቅ) ይጠይቁሃል። «አንድ ሠራተኛ እርዳታ ፈልጋ የመጣችን ሴት ሲያስቸግር ብትሰማ ምን ታደርጋለህ?» ዓይነት። ይሄ «ብትሰማ» ነው፣ ያለፈ ታሪክ አይፈልግም። እኔ ራሴ አጣራለሁ፣ ሰውየውን እመክረዋለሁ እንዳትል! ማጣራት ያንተ ሥራ አይደለም። ወዲያው ድርጅቱ ባዘጋጀው መንገድ አሳውቃለሁ፣ ለሌላ ሰው አላወራም በል። በአገራችን ልማድ መጀመሪያ የሚመጣልን ሽምግልናው ስለሆነ ነው የማስጠነቅቅህ።

ቢኒ_አውቶ (3፡07)
እንዲያውም ሽምግልና ነው የሚሻለው። የሰው እንጀራ ከመዝጋትህ በፊት ሰውየውን ለብቻው ማናገር ምን ችግር አለው?

የጎፋዋ (3፡10)
ቢኒ፣ ለልጅቷስ እንጀራ ማን አሰበላት? በዚህ አንከራከርም። እንደዚያ የመለሰ ሰው እኛ ዘንድ የቀረውን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ያልፋል ብዬ አላስብም።

የፒያሳ ቀልደኛ (3፡16)
ቀልዴን ነው ብላችሁ ዝም አላችሁኝ እንጂ ያን ጥያቄ የጠየቅኩት ከምሬ ነው። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ነው አልክ አይደል? እዚያ ላይ የተጻፈው 9፡30 በማን ሰዓት ነው? ሂድና እየው።

ግራ ገባኝ (3፡21)
ወይኔ ጉዴ!! ኤኤም ይላል። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነው! እኔ ጠዋቱን ስዘጋጅ አረፍዳለሁ ብዬ ነበር። ቤቴ ለገጣፎ ነው፣ ቦታው ቦሌ። ሸሚዜ እንኳ አልተተኮሰም።

የፒያሳ ቀልደኛ (3፡22)
መብራት ሳይሄድ ተኩስ።

የጎፋዋ (3፡24)
12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጣ። ታሪኮቹን ታክሲ ውስጥ ትቀዳለህ፣ አሁን ተኛ። ስትወጣ ንገረን።

ሁሉም ተይዟል (3፡31)
እንግዲህ ይቅናህ። የአለቃው እህት ልጅም በኢትዮጵያ ሰዓት ነው የሚመጣው ብለን እንጸልይ።

ጡረተኛው (ዓርብ ቀን 8፡05)
ልጄ፣ እንዴት ሆነ?

ወለላ (ዓርብ ማታ 1፡12)
እኔም እየጠበቅኩ ነው።

የጎፋዋ (ቅዳሜ ጠዋት 4፡40)
ግራ ገባኝ፣ ደረስክ? ስልክህ ጠፋ እንዴ?

ናሆም_ኤ (ሰኞ ማታ 2፡03)
ሰላም፣ ይሄ የሎጂስቲክስ ረዳቱ ቦታ አሁንም ክፍት ነው? ሲቪ የት ነው የሚላከው?