በራስ እጅ ገጣጥመው የሚጫወቱት የካርቶን ጌም ዋጋውን ያወጣል?

ጥያቄ — ማታ ተጫዋች

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በቅርቡ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል። ቤታችን ውስጥ ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለው የጌም መሣሪያ የመጀመሪያው ሞዴል ስላለ፣ ለልደቱ ምን እንደምገዛለት ሳስብ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒንቴንዶ ላቦ ትዝ አለኝ። ለማያውቀው ሰው ለመግለጽ ያህል፣ ነገሩ በየቅርጹ ተቆርጦ የተዘጋጀ ካርቶንና አንድ የጌም ካርድ የያዘ ጥቅል ነው። ገዢው ካርቶኑን ራሱ እያጠፈና እየገጣጠመ ፒያኖ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወይም የሞተር ብስክሌት መሪ ይሠራና ጆይኮን የሚባሉትን የስዊቹን መቆጣጠሪያዎች ሰክቶ ይጫወትበታል።

ያሳሰበኝ ዋጋው ነው። ሲወጣ የተለያዩ መጫወቻዎችን የያዘው የመጀመሪያው ጥቅል 69.99 ዶላር፣ የሮቦቱ ደግሞ 79.99 ዶላር ነበር፤ በዚህ ገንዘብ አንድ ትልቅ ጌም መግዛት ይቻላል። ዕቃ የመጣበትን ካርቶን በየጊዜው ከቤት እያወጣሁ የምጥል ሰው አሁን ካርቶን ልገዛ መነሣቴን ስነግራት ባለቤቴ ስቃብኛለች፤ እኔም ልፈርድባት አልቻልኩም። ሠርታችሁ የተጫወታችሁበት ካላችሁ፣ ዕቃው ልጅ እጅ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይና ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ልጁ በእርግጥ ተመልሶ የሚጫወትበት መሆኑን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ — የእጅ ሥራ

የመጀመሪያውን ጥቅል ከሴት ልጄ ጋር ስለሠራን ከልምዴ ልመልስልዎ። ገንዘቡን የምከፍለው ለካርቶኑ ነው ብለው ካሰቡ ውድ ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ይሁን እንጂ ካርቶኑ ከጥቅሉ ውስጥ ርካሹ ነገር ነው። የሚከፈልበት የትኛው ጠርዝ የት ላይ እንደሚታጠፍና የትኛው ምላስ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ የታሰበበት ልፋት፣ እንዲሁም በጌም ካርዱ ላይ ያለው መመሪያ ነው። መመሪያው እያንዳንዱን እጥፋት በስክሪኑ ላይ በተንቀሳቃሽ ምስል ያሳያል፤ ልጁ ያልገባውን ወደኋላ መልሶ ሊያየው፣ ምስሉንም አዙሮ ከጀርባው ሊመለከተው ይችላል። ሙጫም መቀስም አያስፈልግም። (ኒንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1889 በኪዮቶ ሲመሠረት የመጫወቻ ካርታ ይሠራ የነበረ ድርጅት ነውና ወረቀት ለእሱ እንግዳ አይደለም።)

ስለ ፒያኖው ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ለእኔ ገንዘቡን ያስመለሰው እሱ ነውና። 13 ቁልፎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ የኋላ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚመልስ ትንሽ ስቲከር ይለጠፋል። የቀኙ ጆይኮን ከሥሩ ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) የሚያይ ካሜራ ስላለው በፒያኖው ጀርባ ሲሰካ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ አንዱ ቁልፍ ሲጫን ስቲከሩ ቦታውን ይለቅና ሶፍትዌሩ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ አውቆ ድምፁን ያሰማል። በፒያኖው ውስጥ አንዲት ሽቦ እንኳ የለችም። እውነቱን ለመናገር፣ በምንሠራበት ጊዜ ይህን ልብ አላልነውም፤ የታዘዝነውን እያጠፍን ብቻ ነበር የምንሄደው። የገባን ሁለት ምሽት ፈጅተን ከጨረስን በኋላ አንዱ ቁልፍ አልጮህ ብሎን ውስጡን ስናይ ነው፤ ስቲከሩን አጣምሜ የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ። ልጄ አቃንታ ከለጠፈችው በኋላ መጫወቱን ትታ በጣቷ ካሜራውን ከግራም ከቀኝም እየጋረደች የትኛው ድምፅ እንደሚጠፋ ስትፈትሽ አመሸች።

ለጀማሪ የሚቀለው ተሽከርካሪው ነው፤ ሩብ ሰዓት እንኳ የሚፈጅ አይመስለኝም። ጎማ የለውም፤ በግራና በቀኝ የተሰኩት ሁለት ጆይኮኖች ሲንዘሩ የካርቶኑ እግሮች እየተንቀጠቀጡ ወደፊት ይሄዳል፤ አቅጣጫውን የሚያስይዙት ከስክሪኑ ላይ ነው።

ስለ ጥንካሬው ከጠየቁኝ፣ ካርቶኑ ከጠበቅኩት በላይ ጠንካራ ነው፤ ጠላቱ አጠቃቀም ሳይሆን አቀማመጥ ነው። የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ሶፋ ላይ ተረስቶ ታናሽ ወንድሟ ተቀመጠበትና ተሰበረ። በፕላስተር ጠግነነው ዛሬም ይሠራል፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። ፒያኖው ደግሞ ታጥፎ የሚመለስ ዕቃ ስላልሆነ ቋሚ ቦታ ይፈልጋል፤ ከመግዛትዎ በፊት የት እንደሚያስቀምጡት ቢያስቡበት መልካም ነው።

መልስ — ቁጥቡ

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ልጁ ተመልሶ ይጫወትበት እንደሆነ ለጠየቁት መልስ አላገኘሁበትም። በእኔ አስተያየት አይጫወትበትም፤ ቢጫወትም ጥቂት ነው። በዘንጉ ዓሣ ማጥመድ ለመጀመሪያ ቀን ያስደስታል፤ እጀታውን ሲያሽከረክሩት ካርቶኑ ቀጭ ቀጭ ማለቱ እውነተኛ ያስመስለዋል። ሆኖም ከታች ያለው ሻርክ አንዴ ከተያዘ በኋላ የሚቀር ብዙ ነገር የለም። በጥቅሉ ውስጥ ያለው የካርቶን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ቁልፉንና መዘውሩን በየቀዳዳው እየቀያየሩ ከሞከሩት በኋላ ውስጡ ያለችው ፍጥረት አዲስ ነገር አታሳይም። ሁለት ሰዓት ለፍተው የሠሩትን ለሃያ ደቂቃ ከተጫወቱበት፣ የገዙት ጌም ሳይሆን መገጣጠም ነው ማለት ነው፤ ይህን አውቆ መግዛትና ሳያውቁ መግዛት ይለያያል።

የሮቦቱ ጥቅል አሠራሩ ብልሃት ያለበት ነው፤ በጀርባ በሚታዘለው ሳጥን ውስጥ ከእጅና ከእግር ጋር በገመድ የተያያዙ ክብደቶች ሲወጡና ሲወርዱ ካሜራው እያየ እንቅስቃሴውን ወደ ስክሪን ያደርሰዋል። ነገር ግን ዋጋው ከሁለቱ ከፍ ያለው ይኸው ሆኖ ሳለ የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የላቦ ቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ደግሞ በእጅ ተይዞ ዓይን ላይ የሚደገፍ እንጂ ራስ ላይ የሚታሰር አይደለም፤ 1280 በ720 የሆነው የስዊቹ ስክሪን ለሁለት ዓይን ስለሚከፈልም ምስሉ ደብዘዝ ይላል። ልጁን ማስተማር ከሆነ የተፈለገው፣ ልጆች ፕሮግራም መሥራት የሚለማመዱበትንና በነጻ የሚገኘውን ስክራችን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው፣ ባለቤትዎ የሳቁበትን ካርቶን ደግሞ ከመጣልዎ በፊት ቢሰጡት ባይ ነኝ።

ጠያቂው — ማታ ተጫዋች

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የጣልኩት ካርቶን እንዲህ ተመልሶ ይከሰኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ልጄ የሬዲዮ ክዳን ፈትቶ ውስጡን የሚያይ ዓይነት ነው፤ መልሶ መግጠሙ ላይ ግን ይሰንፋል። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

መልስ — ጋራዡን ያየ

እንዲህ ላለ ልጅ ወደ መግዛቱ ያደላል፤ ምክንያቴም እስካሁን ማንም ያላነሣው የቶይኮን ጋራዥ ነው። ይህ በጥቅሉ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ቀላል የፕሮግራም መሥሪያ ሲሆን፣ አንዱን ምልክት ከሌላው ጋር በመስመር በማገናኘት «ይህ ሲሆን ያ ይሁን» እያሉ የራስን ፈጠራ የሚያዝዙበት ነው። የእህቴ ልጅ አንዱን ጆይኮን በመኝታ ቤቱ በር እጀታ ላይ በላስቲክ አስሮ፣ በሩ ሲነካ ስዊቹ እንዲጮህ አድርጎት ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ማናችንም ሳንጮህ ወደ ክፍሉ አልገባንም። ጌሞቹ ቶሎ ያልቃሉ ያሉት ወንድማችን ትክክል ናቸው፤ የማያልቀው ይህኛው ክፍል ነው። ልጁ ግን በራሱ ላያገኘው ስለሚችል መጀመሪያ አካባቢ አብረውት ቢቀመጡ ይሻላል።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እርስዎ የመጀመሪያው ስዊች ስላለዎት ችግር የለብዎትም። ስዊች ላይት የሚባለው አነስ ያለው ሞዴል ያለው ሰው ግን መቆጣጠሪያዎቹ ስለማይነቀሉ ይህን ጥቅል ባይገዛ ይሻለዋል። የስዊች 2 አዲሶቹ ጆይኮኖችም ኢንፍራሬድ ካሜራ የላቸውም፤ መሣሪያው ራሱ ተለቅ ስለሚልም ለቀድሞው በተቆረጠው ካርቶን ውስጥ አይገባም።

አዲሱን ካላገኙና ያገለገለ ለመግዛት ካሰቡ፣ በመጀመሪያ የጌም ካርዱ መኖሩን ያረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ የገዙት በእርግጥም ካርቶን ብቻ ነው። ቀጥሎ ስቲከሮቹን ይመልከቱ። እኔ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ጥቅል ካርቶኑ ያልተነካ ሆኖ ሳለ ብርሃን መላሾቹ ስቲከሮች አልቀው ነበር፤ ለብስክሌት የሚለጠፈውን አንጸባራቂ ፕላስተር በልኩ እየቆረጥን ተካነውና ሠራልን፤ የጠፋብን ግን ሙሉ የእሑድ ከሰዓት ነው። የመለጠጫ ላስቲኮቹም ከጊዜ ብዛት ስለሚላሉ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ቀድመው ይያዙ።

ጠያቂው — ማታ ተጫዋች

ወስኛለሁ፤ የሮቦቱን ትቼ የመጀመሪያውን ጥቅል እገዛለታለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ፦ በልደቱ ዕለት እንግዶች ባሉበት ቢከፍተውስ?

መልስ — የእጅ ሥራ

አይ፣ ያንን እንኳ አያድርጉት። በውስጡ 28 ቅጠል ካርቶን አለ፤ ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ከየቅጠሉ መገንጠል ከጀመሩ የትኛው ቁራጭ የየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። በዕለቱ ተሽከርካሪውን ብቻ አውጥተው ይሥሩላቸው፤ ቅጠሎቹ ለየብቻ ስለሆኑ የቀረውን ሳይነኩ ማቆየት ይችላሉ። መለዋወጫው በጥቅሉ ውስጥ ስላለ ሁለት ተሽከርካሪ ይወጣዋል፤ ሌላ ሁለት ጆይኮን ከጎረቤት ከተዋሱ ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍለው ማሽቀዳደም ይቻላል። ፒያኖውን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሌላ ቀን፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይጀምሩት፤ ስቲከሩን ደግሞ ልጁ ይለጥፈው።